ባለቀይ ጉልበቱ ታራንቱላ፦ ከዱር ለቀማ ወደ እርባታ

የሜክሲኮው ባለቀይ ጉልበት ታራንቱላ ሰው በቤቱ ከሚያረባቸው ሸረሪቶች መካከል በስፋት የሚታወቅ ነው። ገላው ጥቁር ሲሆን በእግሮቹ መጋጠሚያ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም አለው። መኖሪያው በሜክሲኮ የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ከሃሊስኮ እስከ ጌሬሮ በተዘረጋው ደረቅ ደን ሲሆን፣ ቀኑን በጉድጓድ ውስጥ አሳልፎ ማታ ማታ ያድናል።

የአውሮፓ ምሁራን ታራንቱላን ለረጅም ጊዜ የሚያውቁት በሥዕልና በደረቀ በድኑ ነበር። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን እ.ኤ.አ. በ1705 ስለ ሱሪናም ነፍሳት ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ወፍ የሚበላ ታራንቱላ ሥላ አሳይታለች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለቀይ ጉልበቱን በ1897 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ደግሞ እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ኦክታቪየስ ፒካርድ-ካምብሪጅ ነው። ሕያው ታራንቱላን ለዓመታት አኑሮ በማጥናት ስሙ የሚነሳው የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲው የነፍሳት ተመራማሪ ዊልያም ቤርግ ነው። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአካባቢው የሚገኘው ታራንቱላ ለአቅመ መራባት ለመድረስ አሥር ዓመት ገደማ እንደሚፈጅበትና ሴቷ ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር እንደምትችል አስረድቷል።

ባለቀይ ጉልበቱ በ1970ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ የቤት እንስሳት መደብሮች ተፈላጊ ሆነ። በዚያ ጊዜ ለገበያ ይቀርብ የነበረው በአብዛኛው ከዱር የተለቀመ ነው። ገዢ የሚወደው ትልቅና ረጅም ዕድሜ ያላትን ሴት በመሆኑ፣ ለቃሚዎች ከጉድጓድ የሚያወጡት በዋናነት እንቁላል ጣዮቹን ነበር። ዝርያው አዝጋሚ አስተዳደግ ስላለው የተወሰደችውን ሴት የምትተካ ሌላ ለማግኘት ዓመታት ይጠይቃል። በዚህ የተነሳ በ1985 የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይቴስ፣ ዝርያውን በሁለተኛው ዝርዝሩ አስገባው። በ1994 ደግሞ የቅርብ ዘመዶቹ በሙሉ እንዲካተቱ ተወሰነ። በዚህ ዝርዝር ያለ እንስሳ መሸጡ ባይከለከልም፣ ያለ ፈቃድ ድንበር ሊሻገር አይችልም። ከዱር የሚመጣው ሲቀንስ እርባታ አማራጭ ሆነ።

እርባታው ቀላል አልነበረም። ወንዱ ለመራባት የሚደርሰው የመጨረሻ ቆዳውን ሲጥል ነው። ከዚያ በኋላ ትንሽ ድር ሠርቶ የዘር ፈሳሹን ያፈስበትና ከአፉ አጠገብ ባሉት ሁለት አጫጭር እጆቹ ጫፍ ይቀዳዋል። ሴቷ ዘንድ ሲደርስ መሬቱን እየመታ መምጣቱን ያሳውቃል፤ ከተቀበለችው በፊት እግሮቹ ላይ ባሉት መንጠቆዎች መንጋጋዎቿን ደግፎ ይይዝና ዘሩን ያስተላልፋል። አንዳንዴ ሴቷ ስለምትበላው አርቢው አጠገባቸው ሆኖ ይጠብቃል። ሴቷ ከተጠቃች በኋላ እንቁላል ሳትጥል ቆዳዋን ከቀየረች፣ የዘር ማከማቻዋ ሽፋን አብሮ ስለሚወልቅ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ልምድ ያለው አርቢ የሚያገናኛት ቆዳዋን ከቀየረች ብዙም ሳትቆይ ነው፤ ከዚያም የሜክሲኮን የወቅቶች መፈራረቅ በመከተል ሳጥኗን ለጥቂት ወራት ያቀዘቅዝና ያደርቃል፣ ቀጥሎም ሙቀትና እርጥበት ይጨምራል።

ከተሳካ ሴቷ ብዙ መቶ እንቁላሎችን በድር ከረጢት ጠቅልላ ትጠብቃለች። ስትረበሽ ከረጢቱን ልትበላው ስለምትችል፣ ብዙ አርቢዎች ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ወስደው በሰው ሠራሽ ማሞቂያ ያስፈለፍሉታል። ጫጩቶቹ እርስ በርስ እንዳይበላሉ በየግል ብልቃጥ ይቀመጡና ጥቃቅን ነፍሳት እየተመገቡ ያድጋሉ።

ከሁሉም በላይ አርቢዎችን ያስቸገረው የዕድሜ ልዩነት ነው። ወንዶቹ ከእህቶቻቸው ቀድመው ይደርሳሉ፤ ከደረሱ በኋላም ብዙ ጊዜ ከአንድና ከሁለት ዓመት በላይ አይኖሩም። ስለሆነም ከአንድ ከረጢት የወጡ ጥንዶችን ማገናኘት አስቸጋሪ ሲሆን፣ የደረሰ ወንድ ከሌላ ሰው መፈለግ ግድ ይላል። ወንድ መዋዋስና ጫጩቶቹን እኩል መካፈል በአርቢዎች ዘንድ ልማድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመውን የብሪታንያ ታራንቱላ ማኅበር የመሳሰሉ ስብስቦችም ለዚህ ልውውጥና ለልምድ መጋራት መድረክ ሆኑ።

እርባታው ሲስፋፋ የዝርያ ማንነት ጥያቄ ተነሳ። በ1997 አንድ ተመሳሳይ ዝርያ በተለየ ስም ተመዝግቦ ነበር፤ በ2017 የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በአርቢዎች እጅ በ1897ቱ ዝርያ ስም ይጠራ የነበረው በአብዛኛው በ1997 የተመዘገበው መሆኑ ታወቀ። ሁለቱን ሳይለዩ ማዳቀል የዘር መደባለቅን ስለሚያስከትል፣ ጥንቁቅ አርቢዎች የእያንዳንዱን ጥንድ ምንጭ መመዝገብ ይጠበቅባቸዋል።

እርባታው ሕገ ወጥ ንግድን ሙሉ በሙሉ አላስቀረም። በ2010 በሎስ አንጀለስ ወደ 300 የሚጠጉ ሕያው ታራንቱላዎችን የያዘ የፖስታ ጥቅል ተይዟል። በ2019 ሳይቴስ በሕንድና በስሪላንካ ዛፎች ላይ የሚኖሩትን ባለጌጥ ታራንቱላዎችም በሁለተኛው ዝርዝሩ አስገብቷል። ዛሬ ባለቀይ ጉልበቱ በሕጋዊ ገበያ የሚገኘው በአብዛኛው ከእርባታ ሲሆን፣ ድንበር ሲሻገር በእርባታ የተገኘ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይጠየቅበታል።