ጥንታውያን የመስታወት ሥዕላት፦ አሠራራቸውና ስልታቸው

በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለጸሎት የሚቆም ምእመን በመስኮቶቹ ላይ የቅዱሳት መጻሕፍት ታሪኮች በባለ ቀለም መስታወት ተሥለው ይመለከታል። ከውጭ ሲታዩ የጠቆሩ ይመስላሉ፤ ከውስጥ ግን በፀሐይ ብርሃን ይደምቃሉ። በሀገራችን ቅዱሳት ሥዕላት ከጥንት ጀምሮ በግድግዳ፣ በገበታና በብራና ላይ ሲሣሉ ስለ ኖሩ ይህ ጥበብ ለእኛ የቅርብ ጊዜ ነው። ያደገው በምዕራብ አውሮፓ ስለሆነ አሠራሩንና ስልቱን ከዚያው እንመለከታለን።

የመካከለኛው ዘመን ባለሙያዎች መስታወቱን የሚሠሩት አሸዋንና የእንጨት አመድን በእቶን አቅልጠው ነበር። መሠረታዊው ቀለም በላዩ የሚቀባ አይደለም፤ በቀለጠው ውስጥ ከሚጨመር ማዕድን ይገኛል። ኮባልት ሰማያዊውን፣ መዳብ ቀዩን፣ ማንጋኒዝ ሐምራዊውን ይሰጣል። ቀዩ መስታወት ከወፈረ ብርሃን ስለማያሳልፍ በነጩ ላይ እንደ ስስ ልባስ ይደረብ ነበር። መስታወቱ በንድፉ ልክ ከተቆረጠ በኋላ የፊት ገጽታ፣ የእጅ ጣትና የልብስ እጥፋት ከብረት ወይም ከመዳብ ብናኝና ከተፈጨ መስታወት በተዘጋጀ ጥቁር ቀለም ይሣላል፤ ቀለሙ እንዲጣበቅም ዳግመኛ እቶን ይገባል። በመጨረሻ ቁርጥራጮቹ ጎድጓዳ ጠርዝ ባለው የእርሳስ ማዕድን ዘንግ ይያያዛሉ። ቴዎፍሎስ የተባለ መነኩሴ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህን ሥራ በላቲን ቋንቋ በዝርዝር ጽፎታል።

በጀርመን አውግስቡርግ ካቴድራል የሚገኙት አምስቱ የነቢያት መስኮቶች እስከ ዛሬ ከቆዩት ጥንታውያን መካከል ናቸው። ሙሴ፣ ዳዊት፣ ዳንኤል፣ ሆሴዕና ዮናስ ዓይኖቻቸው ጎልተው ፊት ለፊት ቆመዋል። የእኛን ጥንታዊ ሥዕል ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆኑበትም።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈረንሳዩ ሻርትር ካቴድራል ሰማያዊና ቀይ የሚጎሉባቸውን መስኮቶች አገኘ። ታሪኩ በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ በአብዛኛው ከታች ወደ ላይ ይነበባል። በግርጌው ዳቦ ጋጋሪውና ጫማ ሠሪው ሥራቸውን ሲሠሩ ይታያሉ። በፓሪስ ሴንት ሻፔል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1248 በተባረከው ቤተ ጸሎት፣ 15 መስኮቶች ከ1,100 በላይ ትዕይንቶችን ይዘዋል። የሲስተርሲያን መነኮሳት ግን ቀለምና ሥዕል በመስኮታቸው እንዳይኖር ከልክለው በነጭ መስታወት ላይ የሐረግና የቅጠል ንድፍ ብቻ ያደርጉ ነበር።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከብር የሚገኝ ቢጫ ቀለም ተስፋፋ፤ አክሊልና ፀጉር ከፊቱ ጋር በአንድ ቁራጭ ላይ መሣል ተቻለ። ከ16ኛው ወዲህ መስታወቱ እንደ ሸራ በልዩ ልዩ ቀለማት መቀባት ጀመረ። ይህ የሠዓሊውን እጅ ነጻ ቢያወጣም የመስታወቱን ብርሃን አደብዝዟል ባዮች ነን።

ጥቁሩ ሥዕል በአብዛኛው ያለው በውስጠኛው ገጽ ላይ ነው። የዕጣንና የጧፍ ጢስ የሚያርፈውም በዚያው ስለሆነ፣ ለበዓል ሲባል በሳሙናና በሻካራ ጨርቅ መወልወል የቅዱሳኑን ፊት ሊያጠፋ ይችላል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። ቀለሙ ሲላቀቅ ወይም መስኮቱ ሲጎብጥ ከታየ፣ ሳይነኩ ፎቶግራፍ አንሥቶና የወደቀውን ስብርባሪ ሰብስቦ ባለሙያ መጥራት ይገባል።