የደም ዋጋና የጉዳት ካሣ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አበው። ይህ ምሳሌ ስለ ቂም ብቻ የሚናገር አይደለም፤ የተጐዳ ሰው ካልተካሰ ነገሩ እንደማያልቅ ጭምር ያስረዳናል። ስለዚህም በቀድሞው ዘመን ሽማግሌዎች በሁለት ወገን መካከል ገብተው፣ በደም ፈንታ ደም እንዳይፈስ ካሣ ያስከፍሉ ነበር፤ በኦሮሞ ዘንድ ይኸው ሥርዓት ጉማ ይባላል። የካሣው ዋና ጥቅም የሁለቱን ወገን ሰላም መመለሱ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ያዘው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ በቍጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጐዳ ሰው ይካስ ብሎ ደነገገ፤ በቍጥር 2081 ደግሞ የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኀላፊ እንዲሆን አደረገ። እንግዲህ ተጐጂው የወገን ብዛት ሳያስፈልገው፣ ብቻውን በዳኛ ፊት ለመቆም ቻለ።

ሆኖም ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፣ ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በቍጥር 2116 ተወሰነ፤ ያን ጊዜ ከባድ የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ እጅግ ቀሏል። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ያልቀረበ ክስ፣ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር፣ በቍጥር 2143 መሠረት በይርጋ ይታገዳል። ዕርቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕርቁን ሲጠባበቅ ጊዜው ያለፈበት ቍስለኛ ዕርቁንም ፍርዱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የሚያስታርቅ ሽማግሌም ሆነ የሚያስተምር መምህር ይህን ቀን ለተጐጂው ሊያሳስበው ይገባል።