ሰርፋክታንት፦ «ውጥረት አርጋቢ»

በዱቄት ሳሙና፣ በፈሳሽ ሳሙናና በሻምፑ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ኬሚካል በእንግሊዝኛ «ሰርፋክታንት» ይባላል። በአማርኛ «ውጥረት አርጋቢ» ብንለው ሥራው ከስሙ ይታወቃል። የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የውኃ ገጽ ውጥር ነው፤ ትንንሽ ነፍሳት ሳይሰምጡ የሚራመዱበትም ለዚህ ነው። ሳሙና ሲገባበት ውጥረቱ ይረግብና ውኃው ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል። የውጥረት አርጋቢው ሞለኪውል አንደኛው ጫፍ ውኃ ይወዳል፤ ሌላኛው ደግሞ ስብ። በስብ ወዳዱ ጫፍ እድፉን ይይዛል፤ በውኃ ወዳዱ ጫፍ ከውኃው ጋር ይዞት ይሄዳል።

ስብ ግን የሸሚዝ አንገት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። የእያንዳንዱ ሕያው ሕዋስ ሽፋን መሠረቱ ስብ ነው። ውጥረት አርጋቢው ወንዝ ወይም ባሕር ሲገባ እድፉንና ሕዋሱን አይለይም።

ቀድመው ከሚጎዱት መካከል ውኃ አጣሪ እንስሳት አሉ። ኦይስተርና መስል የተባሉት፣ በሁለት ክዳን የሚዘጋ ዛጎል ያላቸው እንስሳት የሚመገቡት ውኃ በማጣራት ነው። ክዳናቸውን ገርበብ ያደርጋሉ፤ በስንጥባቸው ላይ ያሉት ጥቃቅን ጸጉሮች ያለማቋረጥ እየተወዛወዙ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባሉ። በውኃው ውስጥ ያለው ዕፅ መሰል ጥቃቅን አልጌና ብናኝ በስንጥቡ ላይ ባለው ዝልግልግ ፈሳሽ ይያዛል። እንስሳው የሚበላውን ወደ አፉ ያሳልፋል፤ የማይፈልገውን እንደ አተላ ጠቅልሎ ወደ ታች ይጥለዋል። የጠራው ውኃ ተመልሶ ይወጣል። አንድ ያደገ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ሊያጣራ ይችላል።

የሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሰርጌይ ኦስትሮኡሞቭ ይህን ሥራ በቤተ ሙከራ ለክተውታል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አልጌ ያደፈረሰው የባሕር ውኃ ውስጥ መስሎች ይገባሉ፤ ከዚያ ውኃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጠራ ይለካል። ውጥረት አርጋቢ ያልገባበት ውኃ ውስጥ ያሉት መስሎች አልጌውን እየበሉ ውኃውን ያጠሩታል። ጥቂት ውጥረት አርጋቢ የተጨመረበት ግን እንደ ደፈረሰ ይቆያል። መስሎቹ አልሞቱም፤ ማጣራታቸውን ነው የቀነሱት።

የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኬሚካል መርዛማ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስንት እንስሳ ገደለ ተብሎ ነው። ማጣራቱን የቀነሰ መስል በሟች ቁጥር ውስጥ አይገባም። ውኃው ግን ይደፈርሳል፤ ብርሃን ወደ ታች መድረሱ ይቀንሳል፤ ከሥር የበቀሉት ዕፅዋት ይከስማሉ፤ በእነሱ ውስጥ ተጠልለው የሚያድጉት የዓሣ ጫጩቶችም መጠለያ ያጣሉ። በዚህ ላይ አንዳንድ ሳሙናዎች ፎስፌት አለባቸው፤ ፎስፌት ደግሞ ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ ያው እጣቢ በአንድ በኩል አልጌውን ያበዛል፣ በሌላ በኩል አልጌውን የሚበላውን ያደክማል። የበዛው አልጌ ሞቶ ሲበሰብስ ባክቴሪያዎች የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣው ይታፈናል። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1972 የሚጋሯቸውን «ታላላቅ ሐይቆች» ለመታደግ ሲስማሙ አንዱ ትልቅ ጉዳያቸው ፎስፌትን መቀነስ ነበር።

ውጥረት አርጋቢ የውኃ እንስሳትን ለመጉዳቱ ማስረጃው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ደርቆ የተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ስላለው ነው፤ ሳፖኒን ደግሞ ተፈጥሮ የሠራችው ውጥረት አርጋቢ ነው። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በዚህ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በኋላም በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድን በዜብራ መስል ላይ ሞከሩት። ዜብራ መስል ከሌላ አገር ገብቶ የታላላቆቹን ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የደፈነ ውኃ አጣሪ ነው፤ እንዶዱም ገደለው።

ዓድዋ ላይ የቀንድ አውጣዎቹ ሞት ለሰው ጤና የሚጠቅም ነበር፤ በሽታውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና። ትምህርቱ ግን ሰፊ ነው፦ «ተፈጥሯዊ» የሚል ስም ብቻውን ለውኃ እንስሳት ዋስትና አይሆንም። ወሳኙ መጠኑ፣ የሚደፋበት ቦታና የሚፈርስበት ፍጥነት ነው። እንዶድ ውኃ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ይሸጡ የነበሩት ሳሙናዎች ግን የሞለኪውላቸው ጭራ ቅርንጫፍ ስለነበረው ባክቴሪያ ሊፈጨው አልቻለም፤ ወንዞች በአረፋ ተሸፈኑ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቀጥ ባለ ጭራ ተተካና አረፋው ቀነሰ። ቀጥ ያለውም ቢሆን ለመፍረስ ጊዜና ኦክስጅን ይፈልጋል። ፍሳሽ ማጣሪያ በሌለበት አካባቢ እጣቢው ያን ጊዜ ሳያገኝ በቀጥታ ወንዝ ይገባል።

ልብስ በወንዝ ዳር በሚታጠብበት ሁሉ ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። ውኃውን ቀድቶ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ማጠብና እጣቢውን አፈር ላይ መድፋት ይቻላል፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አብዛኛውን ያፈርሱታል። ዱቄቱንም ከሚያስፈልገው በላይ አለመጨመር ይጠቅማል፤ የተረፈው አረፋ ልብሱን አያነጣውም። የውኃን ጥራት የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች ደግሞ ከእንግዲህ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ አለባቸው፦ እንስሳቱ በሕይወት አሉ ወይ? ካሉስ ውኃውን እያጣሩ ነው ወይ? ሁለተኛው ካልተጠየቀ፣ ሁሉም በሕይወት ያሉበት ወንዝ ሲበላሽ ቆመን እናያለን።