ከቤት የሚጀመር፣ በቤት የማያልቅ

ልጅን ቤት አስቀምጦ ማስተማር ሲነሳ ብዙ ሰው ነገሩን ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ፈሊጥ አድርጎ ይቆጥረዋል። በአሜሪካ በ50ውም ግዛቶች እንደሚፈቀድ፣ በጀርመን ግን እንደሚከለከል የሚሰማው በውጭ የሚኖር ወላጅም ጥያቄውን የሰው አገር ጣጣ ያደርገዋል። የእኛ ታሪክ ግን ሌላ ይላል። ደወል የሚደወልበትና ልጅ በክፍል ተመድቦ የሚቀመጥበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ አበባ ላይ በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፊት ልጅን ማስተማር የወላጅ ጉዳይ ነበር፤ መምህር የሚመርጠውም፣ ለመምህሩ እህል የሚሰፍረውም፣ ልጁ ምን ላይ እንደደረሰ የሚጠይቀውም ቤተሰቡ ነው። ይህን ልማድ ጠጋ ብሎ ለመረመረው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፦ ቤት የትምህርት መነሻ ነበር እንጂ ብቻውን መምህርም፣ መጨረሻም ሆኖ አያውቅም።

ከታችኛው እርከን እንነሳ። ልጅ እናቱ ቤት እያደረ በማለዳ ወደ የኔታ ይሄዳል፤ በደብሩ ቅጥር ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል ይቆጥራል። ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ወንጌል እያለ 150 መዝሙራት ያሉት ዳዊት ላይ ይደርሳል። በዚህ መሰላል ላይ ዕድሜ ቦታ የለውም፤ ቀልጣፋው ታናሽ ታላቁን ሊቀድም ይችላል፣ ያልጨረሱትን ዘሎ መሄድ ግን የለም። ቀድሞ የገባው አዲሱን ስለሚያስቆጥር አንድ የኔታ ለብዙ ልጅ ይበቃሉ። ዳዊት ሲያልቅ ወላጅ ይደግሳል፤ ድግሱ ለልጁ ደስታ፣ ለጎረቤቱ ደግሞ የልጁን ዕውቀት የሚያይበት አደባባይ ነው። በሙስሊሙ ቤተሰብም ልጁ ሉሁን ይዞ ቁርኣን ወደሚያቀሩት ሼህ ሲሄድ አካሄዱ ተቀራራቢ ነበር።

በመኳንንቱ ዘንድ መምህሩ ራሱ ወደ ቤት ይመጣ ነበር። የታወቀው ምሳሌ የተፈሪ መኮንን ነው። ልጁ ሐረር ላይ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ከለመዱ በኋላ፣ አባታቸው ራስ መኮንን ፈረንሳይኛ እንዲያስተምሯቸው የጓድሎፕ ተወላጁን ሐኪም ዶክተር ቪታሊዬንንና ኢትዮጵያዊውን አባ ሳሙኤልን መደቡላቸው። የአባትየው ሥራ ሁሉን ራስ ማስተማር ሳይሆን፣ የጎደለውን የሚሞላ አዋቂ ፈልጎ ማምጣት ነበር። ልጁ ኋላ አዲስ አበባ መጥተው በምኒልክ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ አልጋ ወራሽ ሲሆኑም እ.ኤ.አ. በ1925 የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት ከፈቱ። በቤት ትምህርት እጅግ የተጠቀሙት ሰው፣ የቤት ትምህርት ለአገር ልጅ ሁሉ ይበቃል አላሉም።

የቤተ ክህነቱ ትምህርትም ወደዚያው ያመራል። ዳዊት የደገመ ልጅ ከፍ ያለውን ሲሻ ከወላጆቹ ይለያል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ የቆሎ ተማሪ ይሆናል። ቅኔ ፍለጋ ጎጃም፣ ድጓ ፍለጋ ቤተልሔም፣ አቋቋም ፍለጋ ጎንደር ይወርዳል። ርቀቱ የመንገድ ችግር ብቻ አልነበረም። የእናቱን ምጣድ እያሸተተ የሚማር ልጅ ልቡ ይከፈላል፤ ከዚህም በላይ ስሙን የማያውቅ መምህርና ቤተሰቡን የማያፍር ጓደኛ ዕውቀቱን ሳያዳሉ ይፈትኑታል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው፣ ያ ትምህርት ሽምደዳ ነበርና ለሳይንስና ለሒሳብ ዘመን ምን ያስተምረናል የሚል ነው። ሽምደዳ መብዛቱ እውነት ነው፤ ከዚያ የምንወስደው ግን ይዘቱን ሳይሆን ሥርዓቱን ነው፦ ሳይጨርሱ አለመዝለልን፣ ትልቁ ትንሹን ማስተማሩን፣ ዕውቀት በሰው ፊት መታየቱን። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ቤት ወሳኝ ሲሆን የልጅ ዕድል በቤቱ ሀብትና አስተሳሰብ ላይ ይንጠለጠላል። እቴጌ ጣይቱ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ሴት ነበሩ፤ የገበሬው ልጅ ግን ወንድሟ ፊደል ሲቆጥር እሷ ውሃ ትቀዳ ነበር። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ይህን ተቃውሞ ማስተባበል አይቻልም፤ ትምህርት ቤት ያስፈለገበት ምክንያትም አንዱ ይኸው ነው። ግን የቤት ትምህርት የሚጎዳው የወላጅ ፈቃድ ብቸኛ ዳኛ ሲሆን መሆኑንም ያሳያል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወላጅ ሁሉ ሳያስበው መምህር ሆኖ ነበር። ዛሬ አስቦበት የሚጀምር ወላጅ ከመጽሐፉና ከሰሌዳው በፊት ሦስት ነገር ቢወስን ከቀደሙት ተምሯል፦ እኔ የማላውቀውን ማን ያስተምርልኛል? ልጄ ከማን ጋር ይማራል፣ ማንንስ ያስቆጥራል? መቼስ ከእጄ አውጥቼ ለሌላ መምህር እሰጠዋለሁ? የድሮ ወላጅ የመጨረሻውን መልስ ገና ሀሁ ሲያስጀምር ያውቀው ነበር።