ዲኤንኤያችሁን ማን ይያዘው? ኩዌት ላይ የሆነው ነገር

ጁን 2015 (እ.ኤ.አ.) ኩዌት ከተማ በሚገኘው የኢማም ሳዲቅ መስጊድ አጥፍቶ ጠፊ ባደረሰው ጥቃት 27 ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ወር ፓርላማው አንድ ሕግ አጸደቀ፦ ኩዌት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዲኤንኤ ይስጥ የሚል። ዜጋው ብቻ ሳይሆን ለሥራ የገባውም፣ ለጉብኝት የመጣውም። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችንም ሕጉ ይመለከታቸው ነበር ማለት ነው። እምቢ ያለ ሰው እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 10,000 ዲናር ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

«ወንጀለኛ የሚያስይዝ ከሆነ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። መጀመሪያ አሠራሩን እንይ።

ከጉንጫችሁ ውስጥ በጥጥ ናሙና ይወሰዳል። ላቦራቶሪው የተመረጡ የዲኤንኤ ቦታዎችን ብቻ አንብቦ ወደ ቁጥር ይቀይራል፤ ቁጥሩ የመረጃ ቋት ውስጥ ይገባል። ፖሊስ ወንጀል ከተፈጸመበት ቦታ ያገኘውን ደም ወይም ምራቅ ከዚህ ጋር ያመሳክራል። በዚህ መንገድ ብዙ ወንጀለኛ ተይዟል፤ ያለጥፋቱ የታሰረም ነፃ ወጥቷል።

ችግሩ የት ጋ ነው?

1. ናሙናው ከቁጥሩ በላይ ይናገራል። ካልተወገደ በዘር የሚተላለፍ በሽታንም፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነም ማወቅ ይቻላል። ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ዲኤንኤ ግን አይቀየርም።

2. የምትሰጡት የራሳችሁን ብቻ አይደለም። እናት፣ ወንድም፣ ልጅ በከፊል ይጋሩታል። እነሱን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

3. ተመሳሰለ ማለት ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ዲኤንኤ በንክኪ ከሰው ወደ ዕቃ ይሄዳል። እዚያ ቦታ መገኘቱ ድርጊቱን ማን እንደፈጸመ ለብቻው አያረጋግጥም።

ፍርድ ቤቶች ምን አሉ?

የኩዌት ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ኦክቶበር 2017 ላይ ሕጉ የግል ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው።

ከዚያ በፊት በ2008 የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት የእንግሊዝን ጉዳይ አይቶ ነበር። ከሳሾቹ ሁለት ያልተፈረደባቸው ሰዎች ሲሆኑ አንደኛው ሲያዝ ገና 11 ዓመቱ ነበር። 17ቱም ዳኞች የእነዚህን ሰዎች ዲኤንኤ ይዞ መቆየት መብት መጣስ ነው አሉ። እንግሊዝ ሕጓን በ2012 ቀየረች፤ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ መዝገብም ከቋቱ ተሰረዘ።

ስለዚህ የትም አገር ብትሆኑ እንዲህ ዓይነት ሕግ ሲመጣ አራት ነገር ጠይቁ፦ ከማን ይወሰዳል? ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ነፃ የወጣ ሰውስ መቼ ይሰረዝለታል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሕግ ከወንጀለኛው ይልቅ ንጹሑን ሰው ነው መዝግቦ የሚያስቀምጠው።