ሻጋታ ሳይቀድመን

በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ኂሩት አባቷ ማነው?» በ1990ዎቹ ከተሠሩት የአማርኛ ፊልሞች ይልቅ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በምንሰቅለው ሰፊ ቴሌቪዥን ጥርት ብሎ የመታየት ዕድል አለው። ነገሩ የተገለበጠ ቢመስልም እውነት ነው። ኢላላ ኢብሳ ደርሶ ፕሮዲዩስ ያደረገው፣ ግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ ያዘጋጀው ይህ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የኢትዮጵያ ፊልም የተቀረጸው በ35 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። እንዲህ ባለው ፊልም ላይ ምስሉን የሚይዙት ከዓይን የረቀቁ የብር ቅንጣቶች ናቸው። ነጋቲቩ በደህና ከተቀመጠ ካሜራው ያየውን ሁሉ፣ የፀጉሩን ዘለላ፣ የነጠላውን ጥለት፣ ከስልሳ ዓመት በኋላም ስካነር ያነብበዋል። በ1990ዎቹ የመጡት ፊልሞች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ ናቸው። የዚያን ጊዜው ቪዲዮ ከላይ እስከ ታች የሚይዘው 576 መስመር ብቻ ነበር። ከዚያ ያለፈው ዝርዝር ካሴቱ ላይ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም፤ ያልተጻፈውን ደግሞ የትኛውም ማሽን አያነብም።

ፊልም በዲስክ የሚሰበስቡ የውጭ አገር ሰዎች ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጄምስ ቦንድ ፊልሞች 50ኛ ዓመት ሲከበር 22ቱም በአንድ ሳጥን በብሉሬይ ታትመው ወጡ። የ1962ቱ «ዶክተር ኖ» ትናንት የተቀረጸ መስሎ የታየው ነጋቲቩ በስቱዲዮው ግምጃ ቤት ስለቆየና በጥንቃቄ ተስካኖ ስለታደሰ ነው። «ስታር ትሬክ፦ ቀጣዩ ትውልድ» የሚባለው ተከታታይ ድራማ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። 178ቱም ክፍሎች የተቀረጹት በ35 ሚሊሜትር ፊልም ቢሆንም የተቀናበሩት በቪዲዮ ካሴት ነበር። ስለዚህ ለብሉሬይ ሲታሰቡ ባለቤቶቹ ወደየነጋቲቩ ተመልሰው ሁሉንም ክፍል እንደገና ቀጣጠሉት፤ ሥራው እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ሲወጣ ቆየ። ተከታዩ «ዲፕ ስፔስ ናይን» ይህ ዕድል አልገጠመውምና እስካሁን በቀድሞው የካሴት ጥራቱ ነው ያለው።

ከተወዳጅ ተከታታይ ፊልሞች መካከል አንዱ ኢትዮጵያን ረግጦ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1971 በኒው ዮርክ የጀመረው «ሻፍት» ሦስተኛው ክፍሉ በሰኔ 1965 ዓ.ም. ሲወጣ ርዕሱ «ሻፍት በአፍሪካ» ነበር። ጆን ጊለርሚን ያዘጋጀው ይህ ፊልም ከፊሉ የተቀረጸው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። አፍሪካውያንን በስደት ስም ወደ ፓሪስ እየወሰዱ በርካሽ ጉልበት የሚነግዱ ደላሎችን መርማሪው ሻፍት ሲያሳድድ ያሳያል። ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጎን ቆሞ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው የእኛው ደበበ እሸቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1966 ዓ.ም.፣ የግሪክ ዝርያ ያለው ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን ሠራ። የደም ካሳን የኦሮሞ ባህል የሚተርክ፣ ለጅማ ሰው ከየትኛውም የሆሊውድ ሥራ የቀረበ ፊልም ነው። ሁለቱ ፊልሞች እኩዮች ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ሰማይ ያዩ ናቸው። ደበበን በ«ሻፍት በአፍሪካ» ላይ ለማየት የፈለገ ሰው ዲቪዲውን ገዝቶ ቤቱ ያያል። «ጉማ»ን ግን በከፍተኛ ጥራት ዲስክ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ማኖር የሚችል የለም። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ዋና የፊልም ሽልማት በስሙ የሚጠራ ፊልም ነው፤ ስሙን በየዓመቱ መድረክ ላይ እየጠራን ፊልሙን ራሱን ለልጆቻችን ማሳየት አለመቻላችን ያሳዝነኛል፣ ያስቆጨኛልም።

ጅማ ከፊልም ጋር ያላት ትውውቅ አዲስ አይደለም። ፋሺስት ጣልያን ከተማዋን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አድርጎ ሲይዛት ከማዘጋጃ ቤቱና ከፖስታ ቤቱ ጋር ሲኒማ አዳራሽም ሠርቶባታል። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነጻ እስኪያወጧት ድረስ አዳራሹ የገዢዎቹ መዝናኛና የስብከት መድረክ ነበር፤ በዘር አዋጃቸው ነጭና ጥቁር በአንድ አዳራሽ አብረው ፊልም ማየት አይፈቀድላቸውም ነበርና። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ጉይዶ ብሪኞኔ የተባለ ጣልያናዊ አዘጋጅ «ሶቶ ላ ክሮቼ ዴል ሱድ» የሚል ፊልም ኢትዮጵያ ውስጥ ቀርጿል። ጣልያን ሰፋሪዎች የእርሻ መሬት ይዘው «ሲያለሙ» የሚያሳይ፣ ባለአገሩን ግን የራሱ ታሪክ የሌለው ሠራተኛ አድርጎ ከጀርባ የሚያቆም ሥራ ነው። ቅጂው አልጠፋም፤ የታሪክ ምሁራን ዛሬም እያዩ ይጽፉበታል። የወራሪው ፊልም ተጠብቆ የተወራሪው ልጆች የሠሩት ሲጠፋ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ያንን ዘመንና ይህንን ዘመን የሚያጠና ሰው በማን ዓይን ሊያየን እንደሚችል ማሰብ ይከብዳል።

ከነጻነት በኋላ የመጣውን በአጭሩ ልለፈው፤ የሕንዱና የካውቦዩ ዘመን በየከተማው ተመሳሳይ ነው። የጅማንና የዙሪያዋን የቡና ከተሞች፣ አጋሮን፣ ሊሙ ገነትን፣ ሰቃን፣ ሰርቦን፣ የቡን ይበልጥ የሚመለከተው የካሴቱና የሲዲው ጊዜ ነው። ሲኒማ አዳራሽ የሌላት ትንሽ ከተማ ቪዲዮ ቤት አላጣችም። ቆርቆሮ ቤት፣ መስኮቱን የሚያጨልም ጥቁር ጨርቅ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ በጠመኔ የዕለቱ ፊልም ርዕስ የተጻፈበት ሰሌዳ፤ ከውስጥ ብሩስ ሊ ወይም አሚታብ ባቻን። ልጅ ሆኖ ከትምህርት ቤት ተደብቆ ያልገባ ጥቂት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ ደግሞ ጣሪያ ከተመታ፣ ለልጅ ልብስ ከተገዛ በኋላ የተረፈው ብር ቴሌቪዥንና ዴክ ወደ ቤት አስገባ። ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ የተማሪው ምረቃ በካሴት ተቀረጸ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአማርኛ ፊልም በብዛት መሠራት ሲጀምር፣ «ጉዲፈቻ»ና «ቀዝቃዛ ወላፈን» አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲያስይዙ፣ አጋሮ ያለው ተመልካች የሚጠብቀው የሲዲውን መውጣት ነበር።

ያ ሲዲ ቪሲዲ ነው። አንዱ ዲስክ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ስለሚይዝ አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ ተከፍሎ ይሸጥ ነበር፤ ልጆቹ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ተነስተው ዲስክ ይቀይራሉ። የምስሉ ስፋት 352 በ288 ነጥብ ነው። ብሉሬይ 1920 በ1080 ነው፤ ሲባዛ ሃያ እጥፍ ያህል ይበልጣል። የ4ኬው ዲስክ ደግሞ ከሰማንያ እጥፍ ያልፋል። ይህን የምነግረው ቪሲዲውን ለማናናቅ አይደለም። የፊልም ሠሪው ዋና ካሴት ከጠፋ ወይም ሌላ ነገር ተቀድቶበት ከነበረ፣ በዓለም ላይ የቀረው የዚያ ፊልም ምርጥ ቅጂ ሊሙ ውስጥ አንድ ቤት ከቴሌቪዥን ማስቀመጫው ሥር ያለው ሲዲ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በ1991 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላ ፊልም የሚሠራው ግለሰብ ነው፤ ዋናውን ቅጂ የሚያስቀምጠውም ያው ግለሰብ በየቢሮውና በየመኖሪያ ቤቱ ነው። ቢሮ ይዘጋል፣ ሰው ቤት ይቀይራል፣ ይሰደዳል፣ ይሞታል።

በዚህ መሀል በሴሉሎይድ ፊልም የሠሩት ጥቂቶቹ ዕድለኞች ናቸው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ንጉሡ ሊወርዱ በተቃረቡበት ሰሞን፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ቀረጸ። ራሱ ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት ሥራዎቹን በእጁ ይዞ ስለቆየ «ሳንኮፋ» በ2021 እ.ኤ.አ. በ4ኬ ታድሶ ለአዲስ ትውልድ ሊቀርብ ችሏል። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት»ም በ35 ሚሊሜትር የተቀረጸ ነው። የሐረርን የጫት ዓለም የሚያሳየው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ደግሞ በዲጂታል ቢሠራም በአሜሪካ ክራይቴሪየን በሚባለው የታወቀ የፊልም ስብስብ ውስጥ ገብቶ በብሉሬይ ታትሟል። ከሐረር ጫት ጎን የጅማ ቡና የሚቆምበት እንዲህ ያለ ዲስክ ለማየት እመኛለሁ፤ የቡናው አገር ሕይወት የሚታይበት ምስል ግን ዛሬ በአብዛኛው ያለው በሠርግና በምረቃ ካሴቶች ውስጥ ነው።

ካሴቶቹ ደግሞ ጅማ ውስጥ ትልቅ ጠላት አለባቸው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ማግኔት ክር ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ የጅማ ክረምት ለወራት ከዚያ በላይ ነው። አንድ የቪኤችኤስ ካሴት አንሡና በጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ጫን ብላችሁ የፊት ክዳኑን ከፍ አድርጉት። ክሩ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ስፋቱ ከጣት አይበልጥም፣ ኢ-180 የሚባለው የሦስት ሰዓት ካሴት ውስጥ ግን 258 ሜትር ያህል ተጠቅልሏል። አሁን ገልብጡትና በመስኮቱ በኩል የተጠቀለለውን ክር ጠርዝ በመብራት እዩት። ንጹሕ ከሆነ ጠርዙ አንድ ወጥ ጥቁር ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ፣ አልፎ አልፎም የሸረሪት ድር መሳይ ነገር ይዞ ከታየ ሻግቷል። ያንን ካሴት ዴክ ውስጥ አትክተቱት። ሻጋታው በማንበቢያው ራስ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል፣ የተጣበቀው ክርም ይበጠሳል። ቀድሞ መድረቅና በባለሙያ እጅ መጠረግ አለበት። የቡና ሰው ጀንፈሉን መሬት ላይ እንደማይዘረግፍ፣ ግድግዳ አስጠግቶ እንደማይከምር፣ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች ሳይወርድ ጆንያ ውስጥ እንደማያስር ሁሉ ካሴትም ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ርቆ፣ አየር በሚያገኝበት ቆሞ ነው መቀመጥ ያለበት።

ሲዲው የተለየ ችግር አለው። ታትሞ የወጣው ዲስክ ሆዱ ብርማ ነው፤ ካልተቧጠጠ ረጅም ዘመን ይቆያል። በኮምፒውተር የተቀዳው ግን ሆዱ ሲታይ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ መረጃውን የሚይዘው ቀለም ነውና ፀሐይና ሙቀት ያጠፋዋል። የሠርግ ሲዲዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ መቅደም ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ጊዜው አጭር ነው። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አሮጌ ዴክ ብቻ ነው፣ ጠጋኙም እየቀነሰ ነው። ማድረግ የሚቻለው ግን ውድ አይደለም። የሚሠራ ዴክ፣ ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ትንሽ የቪዲዮ መቅጃ፣ ትዕግሥት። ቪሲዲውን መቅዳት ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ ዲስኩ ሲከፈት ኤምፔግኤቪ በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የዳት ፋይል ሳይነካኩ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሳይቀይሩ እንዳለ መገልበጥ ነው። በኮምፒውተር አስፍቶ «ኤችዲ» አድርጎ ዋናውን መጣል ትልቅ ጥፋት ነው፤ ማሽኑ የሚጨምረው ነጥብ ግምት እንጂ የተዋናዩ ፊት አይደለም። ብሉሬይ ለእኛ የሚጠቅመን በሌላ በኩል ነው። አንድ ባለ 25 ጊጋባይት ባዶ ዲስክ ባለ ሁለት ሲዲ ፊልሞችን 15 ያህል፣ በነበሩበት ጥራት፣ ይይዛል፤ የተለመደው ዓይነት ብሉሬይ ከተቀዳ ሲዲ ይልቅ ሙቀትና ብርሃን ይችላል። አንዱ ቅጂ ጅማ ሲቀመጥ ሌላው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ቀድቶ መሸጥና ማሰራጨት ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው፤ ፊልሙ የሠሪው ነውና ቅጂው እናንተ ጋ መኖሩን ለእሱ ንገሩት። የራሱ ቅጂ የጠፋበት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛውን ዲስክ ብቻ ያገኘ ሰውም አይጣለው። የመጀመሪያው የተሰበረበት እሱ ሲሆን፣ አጋሮ ወይም ሰርቦ ያለ ሌላ ቤት ሁለተኛው ጠፍቶበት የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ተቀምጦ ይሆናል። በዲስኩ ሽፋን ላይ የፊልሙን ርዕስ፣ «ቁጥር 1» ወይም «ቁጥር 2» የሚለውን፣ የተገዛበትን ዓመትና ከተማ ጽፎ ማስቀመጥ ሁለቱ ግማሾች አንድ ቀን እንዲገናኙ ያስችላል።