በቤት ውስጥ ስለሚነሣ ፎቶግራፍና ስለ ሁለቱ ብርሃኖች

ፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ በ1839 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በፈረንሳዊው በዳጌር አማካይነት ለዓለም በተገለጠ ጊዜ፥ የሰውን መልክ በቤት ውስጥ ለማንሣት ትልቁ ችግር የብርሃን ማነስ ነበር። ተነሺው ራሱን በብረት አስደግፎ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥ ነበር፤ አንሺዎችም ጣራው መስተዋት የሆነ ቤት እየሠሩ የፀሐይን ብርሃን ይጠባበቁ ነበር።

በ1887 ዓ.ም. ሚተና ጌዲከ የተባሉ ጀርመኖች የማግኔዚየም ዱቄት ከፖታሲየም ክሎሬት ጋር ቀላቅለው፥ በቅጽበት ነዶ የሚያበራ የብልጭታ ዱቄት አወጡ። ወሬውን የሰማው የዴንማርክ ተወላጅ ጄኮብ ሪስ፥ በኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ነበርና፥ ፀሐይ ወደማይደርስባቸው የድኾች መኖሪያዎች ሌሊት እየገባ ያነሣ ጀመር። በ1890 ዓ.ም. ያሳተመውም መጽሐፍ የብዙ ሰዎችን ልብ ቀሰቀሰ። ነገር ግን ዱቄቱ ሁለት ጊዜ በቤት፥ አንድ ጊዜም በራሱ በሪስ ላይ እሳት አስነሥቷል። ደግሞም ድንገተኛው ብርሃን ፊትን አንጥቶ፥ ዐይንን አስፈጥጦ፥ በስተኋላ ያለውን አጨልሞ ያሳያል። ሰውየው ታየ፤ የቤቱ የራሱ ብርሃን ግን ጠፋ።

ከአርባ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ኤሪኽ ሳሎሞን ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። ኤርማኖክስ በምትባል፥ ሌንሷ ብዙ ብርሃን በሚያስገባ ትንሽ ካሜራ፥ የመንግሥታት መልእክተኞች ሲመክሩ በአዳራሹ መብራት ብቻ አነሣቸው። የሚከራከረው ሲከራከር፥ የደከመውም ሲያንቀላፋ ታየ። ይሁን እንጂ አነስተኛ ብርሃን ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚጠይቅ፥ የተንቀሳቀሰ ሰው መልኩ ይደበዝዛል። ይህ ታላቅ ባለሙያ አይሁዳዊ በመሆኑ በ1944 ዓ.ም. በአውሽቪትዝ ተገደለ።

ሁለቱን ብርሃኖች ለማስታረቅ የረዳው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው፤ ይህንንም ከ1931 ዓ.ም. ጀምሮ ያዳበረው አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን ነው። ብልጭታው እጅግ አጭር ስለ ሆነ፥ የካሜራው መዝጊያ ከተወሰነለት ፍጥነት እስካላለፈ ድረስ፥ ቢዘገይም ቢፈጥንም የብልጭታው መጠን አይለወጥም፤ የክፍሉ ብርሃን ግን ይለወጣል። የሌንሱ ቀዳዳ በሁለቱም ላይ ያዝዛል። ስለዚህ አንሺው በቀዳዳው ብልጭታውን ለፊቱ ይመጥናል፥ በመዝጊያው ደግሞ ክፍሉን ያደምቃል ወይም ያደበዝዛል። ለምሳሌ ከ1/30 ወደ 1/125 ሰከንድ ቢያፈጥን፥ በፊት ላይ ያረፈው ብልጭታ እንዳለ ሆኖ የክፍሉ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ብልጭታውን ወደ ነጭ ኮርኒስ ቢያዞር ጥላው ይለሰልሳል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ብርሃን ስለ በዛ ብቻ እውነት እንደማይገለጥ ነው። ሰው የሚታወቀው በፊቱ ብቻ ሳይሆን በመስኮቱ፥ በመጽሐፉና በመብራቱም ጭምር ነው። የሰውን መልክ ለልጅ ልጅ የሚያስተላልፍ ሁሉ፥ ፊቱን ሲያበራ ቤቱን እንዳያጨልም ሊጠነቀቅ ይገባዋል።